አባቴ ለማርስ ዕቃ ቤት የገባበት ክረምት

ተምር አልበላም። በረመዳን ሰው ሁሉ ጾሙን በተምር ሲፈታ እኔ በውሃ እፈታለሁ። ለሚጠይቀኝ "ጥርሴን ያመኛል" እላለሁ። ጥርሴን ግን አሞኝ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ከዑምራ የመጣላትን የተምር ካርቶን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። ያ ከበድ ያለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ጣፋጭ ሽታ ሲደርሰኝ ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ።

"ምነው ሐያት? ምን ሆንሽ?"

"መጣሁ" ብያት ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። ከአራት ኪሎ በእግሬ ወርጄ፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሬ ወደ ፒያሳ አቀናሁ። ወዳደግኩበት ሰፈር ከሄድኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። መፍረሱን ሰምቻለሁ፣ በስልክም አይቻለሁ፤ በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ገና ሥር ያልያዘ ሣር። "ከዚህ ጀምረሽ ቁጠሪ" የሚለኝ አንድ ግድግዳ፣ አንድ ደረጃ እንኳ የለም። መንገደኛ እየገፋኝ ቆሜ፣ ዕቃ ቤታችን በየትኛው የሣር ቁራጭ ላይ እንደነበር ለማወቅ ሞከርኩ። አልቻልኩም። ቦታው ከጠፋ የሆነውን እንኳ ልጻፈው አልኩ።

ያን ክረምት አሥር ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የምንኖረው ከፒያሳ ወደ ድልድዩ በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ በአሮጌ የእንጨት ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃው ሲረግጡት ያቃስታል፤ ጣሪያው በሦስት ቦታ ያፈሳል፤ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የራሱ ሳህን ተመድቦለታል። ከሥራችን፣ ምድር ቤት፣ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ጎረቤታችን ሚስማርና ማጠፊያ፣ ቁልፍና መቀርቀሪያ ይሸጣሉ። ከእሳቸው ሱቅ ጎን፣ ከመስኮት በማትሰፋ ቦታ፣ አባቴ ሰይድ ሰዓት ይጠግናል። እናቴ ፋጡማ ድልድዩ አጠገብ ባለ ስፌት ቤት ስለምትሠራ ጠዋት ወጥታ የምትመለሰው ማታ፣ ለመግሪብ ሶላት ነው።

"ቀኑን ሙሉ የሰው ሰዓት ውስጥ ታጥፌ እውላለሁ፤ ስጨርስ እንኳ ትንሽ ልዘርጋ" ይል ነበር አባቴ። የሚዘረጋው ሰማይ ላይ ነው። ከየጋዜጣው የቆረጣቸውን የሮኬትና የጠፈርተኛ ሥዕሎች ከአልጋው በላይ በሚስማር ሰቅሎ ነበር፤ ከካዕባው ሥዕል ጎን ለጎን። እናቴ አንድ ቀን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "ሮኬትና ካዕባ እኩል ሊሰቀሉ ነው?" ስትለው፣ መዶሻ አምጥቶ ሮኬቱን አንድ ስንዝር ዝቅ አደረገው። ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ አልተነጋገሩም።

መንገድ ዳር ከሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት መካከል ሽፋናቸው ላይ የብረት ልብስ የለበሱ ሰዎች፣ ሁለት ፀሐይ የወጣበት ሰማይ ያለባቸውን የእንግሊዝኛ ልቦለዶች እየመረጠ ያመጣል። እራት ከተበላ በኋላ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በአማርኛ ይነግረናል። ካፒቴኑ ይማም ይባላል። መንኮራኩሩ ውሃ ያልቅበታል። ሦስት ዓይን ያላቸው፣ መዋሸት የማይችሉ ሰዎች አገር ይደርሳል። አባቴ ገጽ ሲገልጥ የግቢው ልጆች ደረጃው ላይ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። አንዳንዴ ወደኔ ያዘነብልና ሥዕል ያሳየኛል፦ ቱቦ፣ ሽቦ፣ ቀስቶች። "ይሄ የአየር ማስገቢያው ነው። ይማም አሁን እዚህ ጋ ነው የተደበቀው።"

በሰኔ መጨረሻ፣ እሱ ሱቅ ሳለ፣ ያን መጽሐፍ ብቻዬን ከፈትኩት። ይማም ከቱቦው ወጥቶ እንደሆነ ማወቅ አላስቻለኝም። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል ባይሆንም ፊደል በፊደል አንብቤ አንድ ቃል አወቅኩ። በሥዕሉ ሥር ተጽፏል፣ በሚቀጥለውም ገጽ ተጽፏል፣ በሁሉም ገጽ ተጽፏል። በአንዷ ጎረቤታችን ሳሎን ባለው የፍሪጅ ካርቶን ላይ የማየው ቃል ነው። ሻጩ የሌላ መጽሐፍ ሽፋን ለጥፎበት ኖሮ፣ አባቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያነበበልን የፍሪጅ ጥገና መጽሐፍ ነበር።

ክው አልኩ። ሌሎቹንም አገላበጥኩ። የአንደኛው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሴት፣ ውሻና ዝናብ የሚሉ ቃላት አገኘሁ፤ አባቴ ከዚያ መጽሐፍ ሴትም ውሻም ነግሮን አያውቅም። አባቴ እንግሊዝኛ አያነብም። ካፒቴን ይማምን የፈጠረው ራሱ ነው። በዚያ ዕድሜዬ ነገሩ ድንቅ መስሎ አልታየኝም፤ አባቴ ሰው ፊት ልብሱ የተቀደደ ያህል አፈርኩለት። መጽሐፉን እንደነበረ መለስኩት። ያን ዕለት፣ "የት ደርሰን ነበር?" ሲል፣ "ቱቦው ውስጥ" አልኩት፤ ከሁሉም ልጆች ቀድሜ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ።

ማስመሰል የጀመርኩት በዚያ ነው።

ሐምሌ ላይ፣ ሬድዮ ላይ፣ አንድ የውጭ አገር ማኅበር ማርስ ላይ ሄደው የሚኖሩ ፈቃደኞችን ከዓለም ሁሉ እየመዘገበ መሆኑ ተነገረ። ከየትኛውም ሥራ፣ ከየትኛውም አገር። እኔ ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ወረንጦው ከአባቴ እጅ ወደቀ። አልፈለገውም። ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወልቅ ወደኔ ዞረ፤ አንድ ዓይኑ ትልቅ፣ አንድ ዓይኑ ትንሽ ሆኖ።

"ሐዩ፣ ሰማሽ?"

በማግስቱ በዝናብ ወደ ኢንተርኔት ቤት ሄድን። የቤቱ ባለቤት መነጽር ያደረገች፣ ፈገግታ የማታበዛ ሴትዮ ነች። ቅጹን ከፍታ ጥያቄውን በአማርኛ እየነገረችው መልሱን ትጽፋለች። አባቴ ከኋላዋ ቆሞ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጓል።

"ሥራ?"

"ሰዓት ሠሪ።"

"የጤና ችግር አለብዎት?"

"የለብኝም" አለ፤ ጥያቄውን ሳትጨርሰው።

"ጠባብ ቦታ ውስጥ፣ ከሰው ተለይተው፣ ብዙ ጊዜ መኖር ይችላሉ?"

"ሱቄን ብታዪው አትጠይቂኝም ነበር።"

ከዚያ ሴትዮዋ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ስክሪኑን ደግማ አነበበችና ዞር ብላ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሱን አየች። "ጋሼ፣ ይሄን ልንገርዎት። መመለሻ የለውም ይላል። የሄደ ሰው እዚያው ይኖራል፤ እዚያው ይሞታል ማለት ነው።"

"አውቃለሁ" አለ አባቴ። "ቀጥዪ።"

ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ አልተነሳም። አልጠበቀም፣ አልላላም። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ያ ነው። እኔ ጠረጴዛውን ይዣለሁ፤ የእሱ እጅ ግን ልክ ቅድም እንደነበረው ነው። ያውቃል። ከቤት ሲወጣ፣ ጃንጥላውን ሲዘረጋልኝ፣ ጉድጓድ ሲያዘልለኝ ያውቅ ነበር።

ስንመለስ፣ "ምን ትያለሽ ሐዩ? አባትሽ የማርስ የመጀመሪያው ሰዓት ሠሪ ቢሆን?" አለኝ። ፊቱን አየሁት። እንዲያ ያለ ፊት ያየሁት በኢድ ጠዋት ብቻ ነው።

"በጣም ደስ ይለኛል!" አልኩ። ጮህኩ እንጂ አልኩ አይባልም። "እኔ የምድር ጣቢያ እሆናለሁ። ከምድር ሆኜ አናግርሃለሁ።"

መንገድ ላይ ቆሞ ግንባሬን ሳመኝ።

ከዚያ ወዲህ ወደኋላ መመለስ አልቻልኩም። ደስ እንዳለኝ ለማሳየት ደብተር አውጥቼ የጣቢያውን ሕግ ጻፍኩ። ጠፈርተኛው በር አይከፍትም። ጣቢያው በየሰዓቱ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። የሆነው ሁሉ ይመዘገባል። አንድ ገጽ ስጨርስ ሌላ ጨመርኩ። ለግቢው ልጆች ነገርኩ፤ እነሱ ለእናቶቻቸው ነገሩ። አባቴ ከሱቅ ሲመለስ ደብተሩን ያነብና፣ "ማሻ አላህ! ይሄንንማ እኔም አላሰብኩትም" ይላል።

ኢድ ካለፈ በኋላ፣ ነሐሴ ውስጥ፣ መልመጃ እንደሚያደርግ ተናገረ። አሥር ቀን ዕቃ ቤት ውስጥ ራሱን ይዘጋል። ሥራ በክረምት ቀዝቀዝ ስለሚል ሱቁ አይጎዳም። ጋሽ ወልዴ መቀርቀሪያውን ራሳቸው አምጥተው በውስጥ በኩል እየመቱ፣ "ሰይዶ፣ ለመሆኑ ማርስ ላይ የሚረፍድበት ሰው አለ? ለማን ነው ሰዓት የምትሠራው?" አሉት።

"እኔ ከደረስኩ በኋላ ይኖራላ!"

እናቴ ግን አልሳቀችም። "አሥር ቀን? እዚሁ ቤት ውስጥ ሆነህ? ስፌት ቤት ሴቶቹ ሲጠይቁኝ ምን ልበል፣ ባሌ ማርስ ነው?"

"እሱን በይ።"

"ያ አላህ! አሥር ቀን ብለሃል። አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ከነፍራሽህ ነው ጎትቼ የማወጣህ።"

ዕቃ ቤቱ ከኩሽናው ጀርባ ነው፤ ፍራሽ ሲነጠፍበት ሌላ የሚተርፍ ቦታ የለውም። በሩ ላይ ሳህን የሚያሳልፍ ትንሽ መስኮት ነበረው፤ አባቴ በጨርቅ ጋረደው። ባልዲውን እናቴ ማታ ማታ አፍንጫዋን ይዛ ትደፋለች። ቁርሱንና እራቱን እሷ ትሰጠዋለች፤ እሷ ስፌት ቤት በምትውልበት ሰዓት ምሳው የኔ ኃላፊነት ነው።

ከመግባቱ በፊት ሁለት ነገር አስተማረኝ። መጀመሪያ ኩሽና ወስዶ የስኳር ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና የክብሪት ቀፎ አዞረበት። "ይሄ ጨረቃ ነው፣ ይሄ መንኮራኩር። መንኮራኩሩ ከጨረቃ ጀርባ ሲገባ ድምፁ ይጠፋል። ምድር ላይ ያለው ሰው ቢጮህም አይሰማም። ያኔ ጥሩ ጣቢያ አይሸበርም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከወዲያ ሲወጣ ድምፁ ይመጣል።"

ሁለተኛው ተምር ነበር። ከኢድ የተረፈ አንድ ጣሳ መደርደሪያው ላይ አለ። "ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይሄን እንዳትረሺ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ በአሱር ሶላት ሰዓት፣ ሦስት ፍሬ። እሺ?"

"ለምን?"

"የጠፈርተኛ ምግብ ነው። ጉልበት ይሰጣል" አለና ጉንጬን ቆንጠጥ አደረገኝ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ጨዋታ አለፉ። በየሰዓቱ አንኳኳለሁ። "መንኮራኩር፣ ይሰማል?" "ይሰማል ጣቢያ፣ ምድር ትንሽ ሆና ትታየኛለች፤ የብርቱካን ያህል።" ልጆቹ ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው ይሰሙታል። በሦስተኛው ቀን የግቢው ሴቶች በረንዳው ላይ ቆመው፣ ምስኪን ፋጡማ፣ ባሏን ጂኒ ነክቶባት ይሆናል ሲሉ ሰማሁ። ግድ አልሰጠኝም። እኔ የምጠብቀው አባቴ እስኪሰለቸው ነበር። ጠባብ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ባልዲው ይሸታል። ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት ቀን፣ ከዚያ ይወጣል ብዬ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ምሳውን ሳሳልፍለት ጣቶቼን ያዛቸው።

"ሐዩ፣ ታውቂያለሽ? ይቻላል። ዕድሜ ልኬን ብባል እችላለሁ።"

ድምፁ የደስተኛ ሰው ነበር። ሳህኑን ተቀብሎኝ ጨርቁ ሲመለስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ያለ እኛ መኖር ይችላል። እየቻለም ነው።

በማግስቱ ከምሳው ግማሹን በረንዳ ላይ ለሚመላለሱት ድመቶች ሰጠሁ። አሱር ሲደርስ ጣሳውን አልነካሁትም። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ከራበው ይወጣል። ከወጣ መልመጃውን ይወድቃል። ከወደቀ አይወስዱትም።

"ተምሩስ ጣቢያ?" አለኝ ከውስጥ።

ጣሳው ከራሴ በላይ ነበር። ውስጡ ገና ብዙ አለ። "አልቋል" አልኩ።

"መልካም። ይመዝገብ።"

መዘገብኩ። በሰባተኛውም ቀን እንዲሁ አደረግኩ። እናቴ ማታ የምትሰጠውን እራትም እሱ ራሱ "የመንገድ ስንቅ ነው" እያለ ግማሹን ይመልስላት ነበር። ቃላቱ እየተጎተቱ መጡ። አንድ ጊዜ ሳንኳኳ፣ "እማ፣ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ነው" አለኝ። እናቱ እኔ ከመወለዴ በፊት ነው የሞተችው። የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። ሰልችቶታል፣ ሊወጣ ነው ብዬም ደስ አለኝ።

በስምንተኛው ቀን ምሳውን በሙሉ ለድመቶቹ ሰጠሁ። "ዛሬ ስንቁ አልደረሰም" አልኩት። የሚለውን ብዙ ጠበቅኩ።

"መልካም" አለ በመጨረሻ። "ይመዝገብ" የሚለውን አልጨመረም።

ስምንት ሰዓት ላይ ስጠራው በቃል አልመለሰም፤ በጣቱ እንጨቱን አንዴ መታ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምንም የለም። "መንኮራኩር፣ ይሰማል?" ምንም። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ምንም።

እውነቱን ለመናገር ያኔ አልፈራሁም። ያስተማረኝን አስታወስኩ። ደብተሬን አውጥቼ "ከጨረቃ ጀርባ ነው" ብዬ ጻፍኩና፣ ጥሩ ጣቢያ ሆኜ፣ በሩን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ዝናቡ ጋብ ሲል ከውስጥ የሚያንኮራፋ ድምፅ ሰማሁ። ተኝቷል አልኩ። አሥር ሰዓት አለፈ።

ጋሽ ወልዴ ጣሪያው ወደ ሱቃቸው የሚያንጠባጥበውን ሊያዩ ወጡ። "እህ፣ የማርሱ ሰው እንዴት ዋለ?" አሉኝ።

"ከጨረቃ ጀርባ ነው" አልኳቸው፤ በኩራት።

ሳቁና መውረድ ጀመሩ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆሙ። ዞረው ተመለሱና ጆሯቸውን በሩ ላይ አደረጉ። ሳቁ ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ።

"መቼ ነው ያናገረሽ?"

"ስምንት ሰዓት።"

"ይሄ እንቅልፍ አይደለም ልጄ።" ከዚያ በኋላ እኔን አላዩኝም። ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለሉ ወርደው ዲጂኖ ይዘው መጡ። ራሳቸው የመቱት መቀርቀሪያ ነበር፤ እንጨቱ ተሰንጥቆ ሲለቅ የሰማሁት ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አባቴ ከፍራሹ ወርዶ ወለሉ ላይ ተጠማዞ ወድቋል። ሸሚዙ ከውሃ የወጣ ይመስላል። አፉ ዳር አረፋ አለ። ዓይኖቹ ግማሽ ተከፍተዋል፤ ወደኔ ናቸው፣ ግን አያዩኝም። "አባዬ፣ ጣቢያ ነኝ" አልኩት። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ጋሽ ወልዴ በትከሻቸው ተሸክመውት ሲወርዱ አንድ ጫማው ደረጃው ላይ ቀረ።

ሐኪም ቤት እናቴ የስፌት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንዳለ ደረሰች። ነርሷ የአባቴን ጣት እየወጋች፣ "ስኳር አለበት?" አለች።

"የለበትም!" አለች እናቴ። "ባሌ ምንም የለበትም።"

ነርሷ የያዘችውን ትንሽ መሣሪያ አየች፤ ከዚያ ሮጣ ወጣች። ጉሉኮስ በክንዱ ሲገባለት እኔ ግድግዳ ተደግፌ እያየሁ ነበር። ብዙ አልቆየም። ከንፈሩ ቀለም አገኘ፤ ዓይኑ ተንከራተተና እናቴ ላይ አረፈ።

"ስንት ሰዓት ነው?" አለ።

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ፣ "የስኳር ኪኒን ትውጣለህ አይደል? ከጀመርክ ስንት ጊዜህ ነው?" ብሎ ጠየቀው።

አባቴ እናቴን ማየት ተወ። "ዓመት ሆነኝ። ትንሽ አለፈኝ።"

እናቴ ወንበር ሳትፈልግ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "ዓመት? ሰይድ? ዓመት ሙሉ በአንድ ገበታ እየበላን?"

"ሰዓት ሠሪ ነኝ ፋጡማ። ዓይኑን ሊያጣ ይችላል የተባለ ሰው ጋ ማን ሰዓቱን ይተዋል? ላንቺስ ብነግርሽ እንቅልፍ ይወስድሻል?"

ኪኒኖቹ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ የብሎን ማስቀመጫ ቆርቆሮው ውስጥ ነበሩ። በየጠዋቱ ይውጣል። ዶክተሩ ተቆጣ። "ሳትበላ ኪኒን ትውጣለህ? ጣፋጭ ነገር ካጠገብህ አይለይ አልተባልክም?"

"ተብያለሁ" አለ አባቴ። "አዘጋጅቼ ነበር። አልቆ ነው።"

እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሦስቱ ተምር ምን እንደነበሩ፣ "ሌላውን ብትረሺ ይሄን እንዳትረሺ" ያለው ለምን እንደሆነ። ማንም አላየኝም፤ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። እናቴ ስታለቅስ ሁሉም እሷን ያዙ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እናቴ የታዘዘለትን መድኃኒት ልትገዛ ወጣች። ከአባቴ ጋር ብቻችንን ቀረን። ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ክንዱ ላይ ፕላስተር አለ። ከአልጋው እግር በኩል ቆምኩ፤ መጠጋት አልቻልኩም።

"አባዬ፣ ተምሩ አላለቀም ነበር።"

ዞር አለ።

"ጣሳው ውስጥ ገና ብዙ አለ። ስንቁ አልደረሰም ያልኩህም ውሸት ነው፤ ምሳህን ለድመቶቹ ሰጠሁት። ርቦህ እንድትወጣ ብዬ ነው። ከወጣህ ትወድቃለህ፤ ከወደቅክ አትሄድም።"

ሊመታኝ ይነሳል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢነሳ ደስ ይለኝ ነበር።

"የት ነው የማልሄደው?" አለኝ።

"ማርስ።"

ዓይኑን ጨፈነ። ሲከፍተው ወደኔ ሳይሆን ወደ ጣሪያው ነበር። "ሐዩ፣ የተመረጡት ስም ከወጣ ሦስት ሳምንት አለፈው። ያቺ የኢንተርኔት ቤቷ ሴትዮ ሁለት ጊዜ ፈልጋልኛለች። ስሜ የለም።"

የሰማሁት አልገባኝም። በጣቴ ቆጠርኩ። ስምንት ቀን ዕቃ ቤት፤ ከዚያ በፊት ዝግጅቱ፣ መቀርቀሪያው።

"ዕቃ ቤት ከመግባትህ በፊት ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ገባህ?"

"አንቺ ደስ ብሎሽ ነበራ!" አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። "ደብተር ሙሉ ሕግ ጽፈሽ፣ ጣቢያ ሆነሽ፣ ሰፈሩን ሁሉ ጠርተሽ። ከሱቅ በተመለስኩ ቁጥር አዲስ ገጽ ታሳዪኛለሽ። በምን አፌ አልመረጡኝም ልበልሽ? አሥሩን ቀን እንኳ ላሳይሽ አልኩ።"

"ደስ ብሎኝ አያውቅም" አልኩት።

"ምን?"

"አንድም ቀን። መመለሻ የለውም ካለች ጀምሮ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደስ እንዲልህ ብዬ ነው።"

እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም፤ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋወቅን ይመስል ነበር። ከዚያ ፕላስተር ያለበትን ክንዱን ዘረጋልኝ። ሄጄ ደረቱ ላይ ተደፋሁ። ልቡ በሸሚዙ ሥር በኃይል ይመታል፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ መለየት አልቻልኩም፤ ቀና ብዬም ማየት ፈራሁ።

በሩ ተከፈተ። እናቴ ዝናብ ያራሰውን ሻሿን እያራገፈች፣ የመድኃኒቱን ፌስታል ይዛ ገባች። አየችን።

"አሁን ደግሞ ምን ሆናችሁ?"

አባቴ አልለቀቀኝም። "ፋጡማ፣ ቁጭ በይ" አላት። "እኔና ልጅሽ የምንነግርሽ ነገር አለ።"

ከትናንቱ ሌላ የምትሰማው ነገር ይኖራል ብላ አላሰበችም። ፌስታሉን እንደያዘች፣ ከሻሿ ጫፍ ውሃ ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ቆማ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች።

"እኔ ልጀምር" አልኩ።